ጣውንቴ ፖለቲካል ኢኮኖሚ

ጣውንት አለችኝ። ሳታገባ ጣውንት የመጣባት ሴት በመንዝ ምድር እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። ስሟ ዓለም አቀፍ ፖለቲካል ኢኮኖሚ ይባላል። ጠርታችሁ ሳትጨርሱ ወጥ ያራል።

እጮኛዬ ቴዎፍሎስ በወረዳችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነው። አዲስ አበባ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ሲመዘገብ፣ የሠርጋችን ወሬ ሞቅ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይራዘማል። መጀመሪያ "ኮርሱ ይለቅ" ተባለ፤ ቀጥሎ "ፕሮፖዛሉ ይጽደቅ"፤ ከዚያ "መረጃ ልሰብስብ"። የሚያራዝመው ግን እሱ ብቻ አይደለም። ዋናው አባቴ ናቸው፣ አቶ አበጀ። ሽማግሌ በተላከባቸው ቁጥር የሚመልሱት አንድ ነገር ነው፦

"አንድ ወንድ በሁለት ሚስት አይቆርብም። መጀመሪያ ያቺን ትምህርቱን ይፍታ፤ ከዚያ ልጄን ይጠይቅ።"

እኔም ጣውንቴን ማወቅ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። ሰው ጣውንቱን ሳያውቅ በምን ያማታል? ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል በኋላ በሩን ቢዘጋብኝ በመስኮት የገባሁ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛን ከሬዲዮና ከመዝገበ ቃላት ጋር እየተጣላሁ ለምጄዋለሁ። ቴዎፍሎስ አንብቦ የሚጥለውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሳያነብ የሚጥለውን ወረቀት ሁሉ ለቀምኩ። ታሪፍ፣ ጥገኝነት፣ ድሃ አገር ለምን ድሃ ሆኖ እንደሚቀር። ግማሹ እናቴ እሳት ዳር የምታወራው ነው፤ ልዩነቱ እናቴ ግርጌ ማስታወሻ የላትም። ለጣውንቴ ግን አንዲት ነገር ወደድኩላት። ብዙ አገር ተሰብስቦ ሁሉም ካልተስማማ በማይወሰንበት ድርድር፣ የትንሿ አገር ጉልበት ፊርማዋ ነው ትላለች። "አልፈርምም" ካለች ትልልቆቹ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ይቺን አስምሬባት አለፍኩ።

በመጨረሻ ቴዎፍሎስ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ የሚፈተንበት ቀን መጣ። ጥምቀት እንዳለፈ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከዚህ በላይ አላራዝምም፣ ዛሬ ካላለፈ ይሰረዛል ብሏል። ዐቢይ ጾም ደግሞ እየተንደረደረ ነው፤ ጾም ከገባ ሠርግ የለም። ስለዚህ በዚያ ቀን የሚፈተነው እሱ ቢሆንም፣ የምወድቀው እኔ ነኝ።

መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘግቶ ስለነበር ፈተናው በዙም ይሁን ተባለ። የወረዳችን ከተማ ዘመሮ መብራት ጠፍቷል። ያኔ ኔትወርክ እንደ ልብ የሚገኝበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ከገደሉ ማዶ ከቆመው ማማ ፊት ለፊት ያለው የአባቴ አውድማ። ቴዎፍሎስ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

"ጋሽ አበጀ፣ አውድማዎን ለአንድ ቀን ያውሱኝ።"

"ምን ልትወቃበት?"

"ጥናቴን።"

"ፍሬ አለው?"

"አለው ብዬ አምናለሁ።"

"ውሰድ እንግዲህ" አሉት። "ገለባውን ብቻ ወደ ቤቴ እንዳታነፍሰው።"

በቀጠሮው ቀን ቴዎፍሎስ ከላይ ኮትና ከረባት፣ ከታች ቦት ጫማ አድርጎ መጣ። ላፕቶፑን የተደፋ እንቅብ ላይ አስቀመጠና በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ከጆሮው እኩል ሆነ፤ ቁመተ ረጅም ነው። ኢንተርኔቱ የሚመጣው ከእኔ ስልክ ስለሆነ እኔ ስልኩን ከፍ አድርጌ ድንጋይ ላይ ቆምኩ። እጄን ዝቅ ባደረግሁ ቁጥር አዲስ አበባ ይጠፋል። ሙሽራ ልሁን ብዬ ማማ ሆንኩ።

ወሬው ግን ቀድሞን አገሩን አዳርሷል። "ቴዎፍሎስ ዛሬ በአዲስ አበባ ሰዎች ፊት ቆሞ ይጠየቃል" ተብሏል። በእኛ አገር ሰው ሲጠየቅ ብቻውን አይቆምም፤ ዘመድ ከኋላው ይቆማል። አጎቶቹ፣ የአጎቶቹ ልጆች፣ በጋብቻ የሚዛመዱት ሁሉ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡና አውድማውን ከበቡት። የደብሩ መሪጌታ ኪዳነ ወልድም መጥተው ከመካከል ተቀመጡ፤ እሳቸው ባሉበት ሌላ ዳኛ አይፈለግም። አባቴ ለብቻቸው የጭድ ክምራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከዚያ ሁሉ ሰው፣ ከዳኛው ከመሪጌታ በቀር፣ ለቴዎፍሎስ ምኑም ያልሆኑት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የመጡት ለመታዘብ ነው።

ላፕቶፑ ላይ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ። አንዷ የቴዎፍሎስ አማካሪ ዶክተር ትሕትና ናቸው፣ ዝምተኛ ሴት። ሌላው ፈታኙ ዶክተር ይሥሐቅ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎታል። ሠርጌን እስኪያሳልፍልኝ ድረስ አንቱ አልለውም።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ተጀመረ።

"ምን አለው?" አሉኝ መሪጌታ ወዳለሁበት ቀና ብለው።

"በመንዝ የበግና የሱፍ ንግድ ላይ ሥልጣን ያለው ማን ነው አለው።"

"እሱስ ምን መለሰ?"

"መዋቅሩ ነው አለ።"

"መዋቅሩ የማን ልጅ ነው?"

"አይታወቅም።"

መሪጌታ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። "አባቱ ያልታወቀ ሰው ከሰሰ። ተሳሳተ።"

"አሁንስ?" አለ ከአጎቶቹ አንዱ።

"ትርፉ ወደ ማዕከሉ ይሄዳል፣ ዳሩ ባዶውን ይቀራል እያለ ነው።"

"ታዲያ ዳር ሆኖ ነው ወይ የሚከራከረው? ወደ መካከል ይጠጋ በሉት እንጂ!" ሁለቱ የአጎቱ ልጆች በርጩማውን ከነቴዎፍሎስ አንሥተው አውድማው መካከል አስቀመጡት። እንቅቡም ተከተለ። በዚህ መካከል ነፋሱ ከረባቱን አንሥቶ ፊቱ ላይ ለጠፈው። ዶክተር ይሥሐቅ "እየሰማኸኝ ነው?" ሲል ቴዎፍሎስ ከከረባቱ ሥር "አዎ" አለ።

ከዚያ ፈታኙ ወረቀቱን ገለጠና ወደ አማርኛ ዞረ። አውድማው በሙሉ ጆሮውን አቆመ።

"አሁን ወደ መረጃ ሰጪ ሦስት ልምጣ። አባሪህ ላይ እንዲህ ይላል፤ 'ዱሮ በጌን እኔ ሸጬ ደላላው ይቀበለኝ ነበር። ዛሬ ደላላው በስልክ ሸጦ ከጨረሰ በኋላ፣ እኔ በጉን እየጎተትኩ ለምስክርነት እመጣለሁ።' ይሄን ያለው ማን ነው?"

"መረጃ ሰጪ ሦስት ናቸው።"

"ማን ናቸው እሳቸው?"

"ስማቸውን መግለጽ አልችልም። በጥናት ሥነ ምግባሩ መሠረት ቃል ገብቻለሁ።"

"ስማኝ። እኔ ብዙ ጽሑፍ መርምሬአለሁ። ይሄ የገበሬ አነጋገር አይደለም፤ ተማሪ ቁጭ ብሎ የፈጠረው ነው። የጥናትህ ድምዳሜ ደግሞ የቆመው በዚህ ሰው ቃል ላይ ነው። መረጃ ሰጪ ሦስት የሚባል ሰው የለም። እሱ ከሌለ ጥናቱም የለም።"

ቴዎፍሎስ ወደ ጭድ ክምሩ ላለማየት አንገቱን እንደ ቀንበር አደረቀው። ያኔ ገባኝ። መረጃ ሲሰበስብ የከረመ ጊዜ፣ እኛ ቤት መጥቶ ከአባቴ ጋር ድምፅ እየቀዳ ሲያወራ ውሎ ነበር። ይቺን የበግ ነገርም ከገበያ በተመለሱ ቁጥር እሰማታለሁ። አባቴን አየኋቸው። በርኖሳቸው እያበጠ ነው።

"እኔ የለሁም?" አሉ ቀስ ብለው።

ወደ መሪጌታ ዞሩ።

"መሪጌታ፣ እኔ የለሁም?"

"አለህ እንጂ አበጀ። ትናንት ማኅበር ላይ ሁለት ጊዜ አስቀድተህ የለም ወይ?"

"ይሄ ሰውዬ የለም አለኝ። በገዛ አውድማዬ ላይ!"

ቴዎፍሎስ ዞረና በሹክሹክታ "ጋሽ አበጀ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ፣ ሦስት እርስዎ መሆንዎ እንዳይታወቅ..." አለ። ሹክሹክታው አውድማውን አዳረሰ።

"ለምን አይታወቅም? ሰርቄአለሁ? እናትና አባቴ ያወጡልኝን ስም ጥለህ ሦስት ብለህ የጠራኸኝ ምን አድርጌህ ነው? ደግሞስ አንድና ሁለት እነማን ናቸው፣ ከእኔ የቀደሙት?"

ዶክተር ይሥሐቅ ይሄን አልሰማም። "ስለዚህ እንደ ፈታኝ የደረስኩበት ውሳኔ..." ብሎ ጣቱን አነሣ። አባቴ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉና ነፋሱ እንኳ ቀጥ እስኪል ጮኹ፦

"በሕግ አምላክ!"

በእኛ አገር ይሄ ቃል ሲጠራ የሚሄድ ይቆማል፤ የሚማታም ዱላውን አየር ላይ ያንጠለጥላል። አውድማው ጸጥ አለ። ዶክተር ይሥሐቅም አፉን ከፍቶ፣ ጣቱን አንሥቶ ቀረ። ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኬን ነቀነቅሁት። ነገር ግን ከኋላው መጋረጃው ይወዛወዛል፤ ዶክተር ትሕትናም ዐይናቸውን ያርገበግባሉ። የቆመው ሰውዬው ነው።

"ምነው ዶክተር?" አሉት ዶክተር ትሕትና።

"መርሐቤቴ ነው ያደግሁት" አለ ጣቱን ሳያወርድ። "'በሕግ አምላክ' ከተባልኩ መንቀሳቀስ አልችልም። የጠራኝ ሰው ይናገርና ይልቀቀኝ።"

አባቴ ላፕቶፑ ፊት ሄደው ቆሙ። አዲስ አበባ የሚታየው ሆዳቸው ብቻ ነበር። መሪጌታ "ጎንበስ በል" ሲሏቸው ጎነበሱ፤ አሁን ደግሞ አፍንጫቸው ብቻ ሆነ።

"ሦስት እኔ ነኝ! አበጀ እባላለሁ። የለም ያልከኝ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ያንን ቃል የተናገሩት እርስዎ መሆንዎን በምን ልወቅ? እስቲ ይድገሙልኝ።"

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዱሮ በጌን እኔ ሸጬ ደላላው ይቀበለኝ ነበር። ዛሬ ደላላው በስልክ ሸጦ ከጨረሰ በኋላ፣ እኔ በጉን እየጎተትኩ ለምስክርነት እመጣለሁ። ይሄን ሁሉ ደግሞ ንግድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ የሚያይ አንድ ረጅም ሞኝ አለ።"

አውድማው በሳቅ ፈረሰ። የዚያን ጽሕፈት ቤት በር ጎንበስ ሳይል የማያልፍ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከረባቱን ያስተካክላል።

"ይሄ የመጨረሻው አባሪው ላይ የለም" አለ ዶክተር ይሥሐቅ። "ለምን አወጣኸው?"

"ለ... ለቦታ እጥረት ነው።"

"ድምፁ አለህ?"

ምን ያድርግ፣ ከፈተው። ከላፕቶፑ ውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ በጉም፣ ደላላውም፣ ረጅሙ ሞኝም እንዳሉ። ከዚያ የቴዎፍሎስ የገዛ ድምፅ በትሕትና ተከተለ፦ "እሺ ጋሽ አበጀ። ሞኙ በሥራ ሰዓት ነው የሚቆመው?"

"በሥራ ሰዓት ነው" አለ የአባቴ ድምፅ።

አባቴ ላፕቶፑን በአድናቆት አዩት። "ተናግሬአለሁ እኮ!"

ዶክተር ይሥሐቅ መነጽሩን አውርዶ ዐይኑን ጠረገ። "በቃ አመንኩ። ተማሪ ሌላ ነገር ይፈጥራል፤ በራሱ ላይ ስድብ ግን አይፈጥርም። አልፏል። እርማት ግን አለበት። የተቆረጠው ቃል በሙሉ ይመለስ። መረጃ ሰጪዎቹም ቃላቸውም ስለ እነሱ የተጻፈውም ትክክል መሆኑን አይተው ይፈርሙ፤ ፊርማው ለዶክተር ትሕትና ብቻ ይላክ። አንድ ወር ሰጥቻለሁ።"

ከዚህ ወዲያ ዶክተር ይሥሐቅ አንቱ ናቸው።

አጎቶቹ መሳሳም ሊጀምሩ ሲሉ መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። "ቆዩ። ዋሱ ማን ነው?"

"የምን ዋስ?" አሉ ዶክተር ትሕትና።

"አስተካክላለሁ ብሎ ሄዶ ቢቀርስ? ፍርድ ያለ ዋስ አይፈታም።"

ዶክተር ይሥሐቅ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። "እውነታቸውን ነው" አሉ። "ዋስ ይጥራ።"

አጎቶቹ ባንድ ላይ ብድግ አሉ። መሪጌታ በመቋሚያቸው መለሷቸው። "ሥጋ ለሥጋ ዋስ አይሆንም። ባዕድ ይሁን።"

ባዕድ ፍለጋ ሁሉም ዐይኑን አዞረ፤ ሁሉም ዐይን አባቴ ላይ አረፈ። ተያዙ። መኖራቸውን በጩኸት ያስመሰከሩ ሰው፣ አሁን የለሁም ማለት አይችሉም።

"ዋስ ነኝ" አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው።

በደስታ ሁለት እጄን አወረድኩ። አዲስ አበባ ጠፋ።

ደስታዬ እራት እስኪቀርብ ነው የቆየው። "እንግዲህ ቀኑን ይቁረጡልና" አልኳቸው።

"የምን ቀን? ዋስ ሆኜ አማት አልሆንም። ሥጋ ለሥጋ ዋስ አይሆንም ሲባል አልሰማሽም? መጀመሪያ እርማቱ ይለቅና ዋስትናዬ ይውረድ። ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን።"

"ከየትኛው ፋሲካ?"

"ከሚመጣው። ካልሆነም ከዚያ ከሚቀጥለው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ቴዎፍሎስን መድረሻ አሳጡት። ማታ ማታ ዱላቸውን ይዘው ከፊቱ ይቀመጣሉ። "ምዕራፍ አራት ምን ደረሰ?" ይላሉ። "ያ መዋቅር የምትለው ሰውዬ ተገኘ?" ይላሉ። አንድ ቀን ቀና ብሎ ጣሪያ ሲያይ ቢያገኙት "እዚያ ላይ አልተጻፈም፣ ወደ ታች እይ!" ብለው አስደነገጡት። አማካሪዋ በዚያ ሁሉ ዓመት ያልቻሉትን አባቴ በዱላ ጫፍ ቻሉት። ፊርማውንም ራሳቸው እየዞሩ ሰበሰቡ። መረጃ ሰጪ ሁለት አቶ ዓምደ ሚካኤል፣ ጎረቤታችን፣ መሆናቸውን ሲደርሱበት ግን "በምን ቀደመኝ?" ብለው ሰላምታ ነፈጓቸው።

አንድ ቀን ወረቀት ይዘው እኔ ዘንድ መጡ።

"ፈርሚ። የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።"

"እኔ ደግሞ ምን አገባኝ?"

አነበብኩት። መረጃ ሰጪ ሰባት፤ ሴት፤ ያላገባች። "ነገሩ የሚቆረጠው እኔ በሌለሁበት ነው። ለእኔ የሚደርሰኝ ተራዘመ የሚለው ወሬ ብቻ ነው።"

ይሄንን ለቴዎፍሎስ ያልኩት ስለ ሠርጋችን እያለቀስኩ ነው። እሱ ደግሞ በዓለም ገበያ ስለ ትናንሽ አምራቾች በሚያወራው ምዕራፍ ውስጥ ሰክቶታል። በር ላይ ቆሞ ስለነበር ጠራሁት።

"ይሄ ስለ ሱፍ ነው?"

"በአንድምታው ነው፣ ኮከቤ።"

"አንድምታህን ለብቻችን እንተረጉመዋለን" አልኩትና ወደ አባቴ ዞርኩ። ያኔ ጣውንቴ ትዝ አለችኝ፤ ያሰመርኩባት ቦታ። "አልፈርምም።"

"ምን?"

"ያላገባች ይላል። በዚህ ላይ አልፈርምም።"

"ያላገባሽ አይደለሽም ወይ?"

"ማን ከልክሎኝ?"

"ቃሉ የአንቺ ነው አይደለም?"

"ቃሉ የእኔ ነው። ስለ እኔ የተጻፈው ግን አልተስማማኝም። ባለትዳር ተብሎ ይምጣ፣ እፈርማለሁ።"

"ይሄ ውሸት ነዋ!"

"እውነት ያድርጉት እንግዲህ። ዋሱ እርስዎ ነዎት።"

አባቴ ወደ ቴዎፍሎስ ዞሩ። "ሰባትን ሰርዛት!"

"አይቻልም ጋሽ አበጀ። ምዕራፍ አምስት በሙሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው።"

እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

አባቴ መሪጌታ ዘንድ ሄዱ። መሪጌታ ነገሩን ሰምተው ጺማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። "ዋስ የገባህለትን ካላስፈጸምክ ስምህ ይወድቃል" አሏቸው። "በአዲስ አበባ ፊት ነው የጮህከው።"

"ካገባች ደግሞ አማት ሆንኩ፤ ዋስትናዬ ሳይወርድ እንዴት ዘመድ እሆናለሁ? ሕጉን የተናገሩት እርስዎ!"

"እሱማ ልክ ነህ።" መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ። "ባንድ ጊዜ ይሁን" አሉ በመጨረሻ። "ማን ቀደመ ተብሎ እንዳይጠየቅ።"

ስለዚህ በቅበላው እሑድ፣ ጾሙ ሊገባ ሲል፣ አባቴ ደጅ በተጣለው ዳስ ውስጥ ተዳርኩ። ወረቀቱ ጎንበስ ባለው በሚዜው ጀርባ ላይ ተዘርግቷል። መሪጌታ "አሁን!" ሲሉ ቴዎፍሎስ በአንድ እጄ ላይ ቀለበቱን አጠለቀ፤ በሌላው እጄ እኔ ፈረምኩ። መረጃ ሰጪ ሰባት፤ ሴት፤ ባለትዳር። አባቴ "ወረደልኝ!" ብለው ጮኹ፤ እናቴ እልልታውን አቀለጠችው፤ ሚዜው "ልነሣ?" አለ።

አሁን ጽሑፉ ተጠርዞ አዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። አንዱን ቅጂ አባቴ ወሰዱትና ገበያ በወጡ ቁጥር ለደላላው "እዚህ ውስጥ አለሁ" እያሉ ያሳዩታል። ረጅሙ ሞኝም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በክብር ገብቷል። ትርጉሙን ያረምኩት እኔ ነኝ። ቴዎፍሎስ "ቁመቱ ከፍ ያለ ባለሙያ" ብሎት ነበር።